ሳራፊና ሽሮ ሜዳ የመጣች ጊዜ

በ1980ዎቹ መጨረሻ ጉለሌ ውስጥ ላደገ ልጅ ፊልም ማለት ቪዲዮ ቤት ነበር። ሲኒማ ኢትዮጵያም ሲኒማ አምፒርም ፒያሳ ናቸው፤ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ለመውረድ እግር አይሰንፍም፤ የሚቸግረው የመግቢያው ገንዘብና የወላጅ ፈቃድ ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ግን ደጃችን ላይ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአጣና እግር ላይ የተመታ የጣውላ አግዳሚ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተሸፈነ መስኮት፣ በሩ ላይ ደግሞ የተጋረደ ብርድ ልብስ። ከውጭ በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ በስምንት ሰዓት ካራቴ፣ በአሥር ሰዓት የህንድ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት አክሽን። ሳንቲም የያዘ ይገባል፤ ያልያዘ በግድግዳው ስንጥቅ ያያል።

እዚያ አግዳሚ ላይ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይገናኝ ነበር። የሸማኔ ልጆች የታዘዙትን ድውር አድውረው ሲጨርሱ፣ የጥጥ ብናኝ ከፀጉራቸው ሳይራገፍ ይመጣሉ። እናቶቻቸው ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ልጆች ይመጣሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የትምህርት ቤት ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው ይገባሉ፤ አስተማሪ በዚያ ቢያልፍ እንዳይለያቸው ነው። ሴቶች ጥቂት ነበሩ። የሚመጡትም ታናሽ ወንድማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «እሱ አስቸግሮኝ ነው» የሚል ምክንያት አዘጋጅተው ነው፤ ቪዲዮ ቤት የታየች ልጅ ስሟ ቶሎ ይነሳ ነበርና።

ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። ሪሞቱ ከእጁ አይለይም። ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ሲቃረቡ ጋሼ ካሴቱን ያስሮጠዋል፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ መስመር ይተራመሳል፤ ትልልቆቹ ልጆች ያጉረመርማሉ። ሰው በጥይት ሲመታ ግን አንድም ቀን አስሩጦ አያውቅም። ጋሼ በአባትነት ሊጠብቀን የፈለገው ከመሳሳም ነበር። ሞት ከልጅ የሚሸሸግ ነገር ሆኖ አልታየውም። ምክንያቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ የእሱ እኩዮች ሞትን ገና በጉርምስናቸው አስፋልት ላይ ተዘርግቶ ያዩ ሰዎች ነበሩ።

«ሳራፊና» የመጣችው እንዲህ ወዳለው ቤት ነው። ጋሼ ሰሌዳው ላይ «የተማሪዎች ኮሜዲ፣ ዘፈን ያለው» ብሎ ጻፈ። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ነው፤ ዳይሬክተሩ ዳረል ሩት ይባላል። መነሻው ምቦንጌኒ ንጌማ እ.ኤ.አ. በ1987 ለመድረክ ያዘጋጀው ሙዚቃዊ ቲያትር ሲሆን፣ ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ እስከ ኒውዮርኩ ብሮድዌይ ደርሷል። በመድረክም በፊልምም ሳራፊናን ሆና የተጫወተችው ሌለቲ ኩማሎ ናት። ይህን ሁሉ ያኔ ማን ያውቃል? እኛ የምናውቀው ዘፈን እንዳለውና እንደሚያስቅ ብቻ ነበር።

ደግሞም ያስቃል። ሳራፊና የሶዌቶ ልጅ ናት። ጠዋት ስትነሳ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የኔልሰን ማንዴላ ፎቶግራፍ ጋር ታወራለች፤ ኮከብ ሆና፣ ካሜራ ተደቅኖባት፣ ሕዝብ ሲያጨበጭብላት በሐሳቧ ታያለች። ትምህርት ቤቷ አቧራማ ሜዳ ያለው፣ ግቢው በዩኒፎርም የተጥለቀለቀ ነው። ልጆቹ እንደኛው በቅጽል ስም ይጠራራሉ፤ አንዱ አዞ ነው ስሙ። ወረፋ ላይ ይጋፋሉ፣ ክፍል ውስጥ ይንሾካሾካሉ፣ ጠዋት ተሰልፈው የአባታችን ሆይን ጸሎት በዜማ ያደርሳሉ፤ ዜማው ወደ ጭፈራ ይሄዳል። ውፒ ጎልድበርግ የምትጫወታት የታሪክ አስተማሪ ሜሪ ማሶምቡካ ከተፈቀደው መጽሐፍ ወጣ እያለች ታስተምራለች፤ ተማሪዎቿን ታስቃለች፤ ስታስቃቸው ደግሞ ታነቃቸዋለች።

የእኛ አግዳሚ ላይ ሳቁ ለየት ያለ ነበር። በካራቴ ፊልም የምንስቀው በማናውቀው ሰው ነው። በህንድ ፊልም የምናለቅሰው ለማናውቀው ቤተሰብ ነው። «ሳራፊና» ላይ ግን ራሳችንን አየን። ጥቁር ልጆች፣ የተጣፈ ሹራብ፣ ሩቅ መንገድ በእግር፣ ጨርቅና ወረቀት ተጠቅልሎ የተሠራ ኳስ፣ ቤት ውስጥ የምትደክም እናት። እንግሊዝኛው ባይገባን ግድ አልነበረንም። አንድ የሸማኔ ልጅ ተነስቶ በአግዳሚዎቹ መካከል እግሩን እንደነሱ እያነሳ ሲጨፍር፣ ጋሼ ራሱ «ተቀመጥ» ማለቱን ረስቶ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ወታደሮች ትምህርት ቤቱ ግቢ ገቡ።

ፊልሙ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። አስተማሪዋን መጥተው ይወስዷታል። ተማሪዎቹ በምትኳ የመጣውን አስተማሪ አንቀበልም ይላሉ። ጭፈራው የነበረበት ግቢ ውስጥ ጥይት ይተኮሳል፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት ሲያስቁን የነበሩ ልጆች ይወድቃሉ። ልጆቹም በቁጣ ተነስተው ከራሳቸው ወገን የሆነውን ፖሊስ በእሳት ያቃጥሉታል፤ ይህን የሚያደርጉት ቅድም ያየናቸው እነዚያው ተጫዋቾች ናቸው። ሳራፊና ትታሰራለች፣ ትገረፋለች። አስተማሪዋም እስር ቤት ውስጥ ትሞታለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ሲጨፍር የነበረው ልጅ በቆመበት ቀረ። ገንዘቤን መልሱልኝ ያለ የለም፤ ጥሎ የወጣም የለም። ጋሼ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ አልነካውም። ኮሜዲ ብሎ ያስገባን ሰው ለምን እንዲህ ያለ ነገር አሳየን ብሎ የተቆጣ ልጅ አላስታውስም። ያን ያህል ስላሳቁን፣ ሲወድቁ እያንዳንዳቸውን በስም እናውቃቸው ነበር። የፊልሙ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ከመጀመሪያው በለቅሶ ቢጀምር ኖሮ የምናየው ሩቅ አገር የሞተ ሰው ይሆን ነበር። በሳቅ ስለጀመረ ግን የሞተብን ጓደኛ ሆነ።

በሩ ላይ ቆሎ የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ እማማ ነበር የምንላቸው። ሰፌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቆሎውን በስኒ እየሰፈሩ፣ ብርድ ልብሱ በተነሳ ቁጥር ወደ ውስጥ ቃኘት ያደርጋሉ። ፊልም የሚያዩ አይመስሉም። ያን ቀን ግን ሳራፊና እስር ቤት ስትገባ ብርድ ልብሱን ገልጠው ቆሙ።

«ይቺ ልጅ እናት የላትም?» አሉ።

«አላት እማማ፤ ነጮች ቤት ሠራተኛ ናት» አልናቸው።

«ስንቅ ታመጣላታለች?»

ምን ብለን እንመልስ? ፊልሙ ላይ ስንቅ ይዞ በር ላይ የቆመ ሰው አላየንም። እማማ ሰፌዳቸውን ትተው እዚያው በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩ። ሳራፊና ተፈትታ እናቷ ወደምትሠራበት ቤት ሄዳ ሲገናኙ፣ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉት።

ያ የመገናኘት ትዕይንት የፊልሙ ልብ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳራፊና መጀመሪያ ላይ በእናቷ ታፍራለች። አባቷ ታግሎ የሞተ ጀግና ነው፤ እናቷ ግን የነጮችን ቤት ታጸዳለች፣ አንገቷን ደፍታ ታገለግላለች። ለልጅቷ ይህ ሽንፈት ሆኖ ይታያታል። እስር ቤቱን ካየች በኋላ ግን ሌላ ነገር ይገባታል። ልጆችን ማብላት፣ ማልበስ፣ በየቀኑ ተነስቶ ወደ ሥራ መሄድ፣ ሐዘንን ውጦ መኖር የጀግንነት ሌላው ስም እንደሆነ ትረዳለች። የኮሜዲው ወደ ቁም ነገር መዞር የተፈጸመው በተኩሱ ሰዓት አይደለም፤ እዚህ ላይ ነው። ጥይት ማንንም ያስደነግጣል። ልጅ እናቷን እንደገና እንድታይ ማድረግ ግን ከባድ ሥራ ነው።

እናቲቱን ሆና የተጫወተችው ሚርያም ማኬባ መሆኗን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ማኬባ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለችም። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እዚህ መጥታ በመሪዎቹ ፊት ዘፍናለች። ያኔ ስደተኛ ነበረች። ከሦስት ዓመት ቀደም ብሎ እናቷ ሞታ ልትቀብር ስትነሳ፣ ፓስፖርቷ መሰረዙ ተነግሯት ቀርታለች። እናቷን ለመቅበር የተከለከለች ሴት፣ ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ የእናትን ቦታ ይዛ ልጇን አቅፋ ስታለቅስ የታየችው በዚያ ፊልም ነው። ያ እንባ ከየት እንደመጣ አሁን ሳስበው ይገባኛል።

ሳራፊና በየጠዋቱ የምታወራው ሰውም ለአካባቢያችን እንግዳ አልነበረም። ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮልፌ፣ ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ሥር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። ስድስት ወር የታሰበው ሥልጠና ሳያልቅ ድርጅቱ ጠርቶት ተመለሰ፤ ብዙ ሳይቆይ ተያዘ፤ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. እስኪፈታ ድረስ ታሰረ። አሠልጣኙ ታደሰ ብሩ ግን ያን ቀን ለማየት አልታደሉም፤ በ1967 ዓ.ም. በደርግ ተገድለዋል። ኮልፌና ሶዌቶን ያገናኘው ክር በዚህ በኩል ተበጥሷል፤ እኛ ቪዲዮ ቤት ቁጭ ብለን ያየነው ያኛውን ጫፉን ብቻ ነበር።

ሶዌቶ ውስጥ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት ሰኔ 9 ቀን 1968 ዓ.ም. ነው። መነሻው የትምህርት ቋንቋ ነበር፤ መንግሥት ግማሹን ትምህርት በአፍሪካንስ ተማሩ ብሎ አዘዘ፣ ልጆቹ እምቢ አሉ፣ ፖሊስ ተኮሰ። ከወደቁት አንዱ ሄክተር ፒተርሰን 12 ዓመቱ ነበር። ሌላ ወጣት በክንዱ ታቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ ከጎን እየጮኸች ስትከተል ሳም ንዚማ ያነሳው ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ።

ከዚያ ቀን አንስቶ ዓመት ሳይሞላ አዲስ አበባ ምን ሆነች? ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. ለሜይ ዴይ ዋዜማ የተሰበሰቡና ሰልፍ የወጡ ወጣቶች በአንድ ሌሊት በመቶዎች ተገደሉ። ብዙዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። ቀይ ሽብር ከዚያ በኋላ እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ በየቀበሌው ገባ። ሬሳ መንገድ ዳር እያደረ፣ ላዩ ላይ ወረቀት እየተለጠፈ፣ እናት እንዳታለቅስ እየተከለከለች፣ አንዳንዱ ቤተሰብ የጥይቱን ዋጋ ክፈል እየተባለ ያለፈበት ዘመን ነው። ጉለሌም የዚህ ሁሉ ምስክር ነች። ሶዌቶና አዲስ አበባ ልጆቻቸውን የቀበሩት በተከታታይ ዓመታት ነው። የሶዌቶው ፎቶግራፍ ተነሳለት፣ ቲያትር ተሠራለት፣ ፊልም ተሠራለት፣ ልጆች ዘፈኑት። የእኛው ቤት ውስጥ ቀረ።

ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው የስድስት ኪሎው መንገድ ታሪክ ከዚያም ይቀድማል። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የ1929 ዓ.ም. የየካቲት 12 ሰማዕታት ነው። ከዩኒቨርሲቲው ብዙም ሳይርቅ የተማሪው መሪ ጥላሁን ግዛው በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ሊሸኙ በተሰበሰቡ ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ተኮሰ። ሚያዝያ 1993 ዓ.ም. ደግሞ የእኛ ተራ ደረሰ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ጥያቄ የሚታወቅ ነው፤ ነጻ የተማሪ ማኅበር፣ የራሳቸው ጋዜጣ፣ ከግቢው የታጠቀ ፖሊስ ይውጣ የሚል። ግርግሩ ወደ ከተማው ወጣ፣ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ተቀላቀሉ፣ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ታፈሱ። ከአግዳሚያችን ላይ የነበሩ ልጆችም ከታፈሱት መካከል ነበሩ።

ያን ሰሞን ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርዱት እናቶች ነበሩ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ሁለት ሦስት ሆነው፣ ከፖሊስ ጣቢያ ፖሊስ ጣቢያ ይዞራሉ። ወጣት እናቶች ያለቅሳሉ፤ የት እንደሚጠየቅ፣ ለማን ስም እንደሚነገር አያውቁም። በዕድሜ የገፉት ግን መንገዱን ያውቁታል። ስንቅ በምን ዕቃ እንደሚያዝ፣ ምግቡ ውስጥ ምን እንደማይገባ፣ ከየትኛው ሰዓት ቀድሞ መድረስ እንደሚሻል ለወጣቶቹ ይነግሯቸዋል። ከነዚያ መካከል ቆሎ የሚሸጡት እማማ ነበሩ።

ልጇ የታሰረባትን አንዲት ጎረቤታቸውን ሲያጽናኑ የሰማሁትን አልረሳውም። «ስንቁን ከተቀበሉሽ ልጅሽ አለ። የኔ የመጀመሪያው፣ ስንቁ ሲመለስ ነው የገባኝ» አሏት። ያ ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ በ1970 ዓ.ም. ከቤት ተወሰደ። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም። ከእኛ መካከል ያን ስም የሰማ ልጅ አልነበረም። ያቺ የቪዲዮ ቤት ጥያቄያቸው ያን ጊዜ ተገለጠችልኝ። ሃያ ሦስት ዓመት የተያዘ ቃል የወጣው የሌላ ሰው ልጅ ስለታሰረ ነው።

ዛሬ ቪዲዮ ቤቶቹ የሉም። አንዱ የስልክ መሸጫ ሆኗል፣ አንዱ ፑል ቤት፣ አንዱ ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤት። ሽሮ ሜዳ ላይ የአገር ልብስ ሱቆች በመስታወት አጊጠዋል፤ ለሠርግ የሚሸምተው ሰው መንገዱን ይሞላዋል። እናቶች ጭራሮ ተሸክመው ይወርዱበት የነበረው እንጦጦ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ መናፈሻ ሆኖ ወጣቱ በሳምንት መጨረሻ ይዝናናበታል። ይህ መልካም ነው። ልጅ ድውር ከማድወር ይልቅ ሽርሽር ቢወጣ፣ እናት ከሸክም ብትገላገል ማን ይጠላል?

«ሳራፊና»ም አልጠፋችም። ባለፈው ጊዜ የአሥራ አራት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። «አጎቴ፣ ይሄን ፊልም ታውቀዋለህ? ያስቃል አይደል?» አለችኝ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ የሚጨፍሩበት ክፍል ነው፤ ከደቂቃ የማይበልጥ፣ ከፊትም ከኋላም የተቆረጠ። የጭፈራውን እግር አጣጣል እሷና ጓደኞቿ አጥንተውታል፤ ሲጨፍሩት ያምርባቸዋል። ቀሪውን አብረን እንየው አልኳት። ደስ ብሏት ጀመረች፤ ሳቀችም። ወታደሮቹ ገብተው ተኩስ ሲጀመር ግን «ይቅርብኝ፣ ይከብዳል» ብላ በአውራ ጣቷ አሳለፈችው። ወዲያው ሌላ ቪዲዮ መጣ፤ እሱም ያስቃል።

በእህቴ ልጅ አልፈርድም። ከኛ የሰነፈች ልጅ አይደለችም፤ ከኛ ይልቅ ብዙ ታነባለች፣ እንግሊዝኛውንም ከኛ በተሻለ ትሰማለች። ልዩነቱ ሌላ ነው። እኛ በአንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስለነበርን፣ ከሳቁ እኩል ድንጋጤውንም ለመቀበል ተገደድን። መውጫው በሌሎች ልጆች ጉልበት መካከል ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ እማማ ቆመዋል። የሚያስደነግጥ ነገር ሲመጣ ትከሻህን የሚነካ ሰው አለ፣ ሲያልቅም ብቻህን አትወጣም። ዛሬ ልጅቷ ያን ሸክም ብቻዋን፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ፣ በእጇ መዳፍ በምታህል መስታወት ላይ እንድትሸከም ነው የምንጠብቅባት። ብቻዋን የሆነች ልጅ ከባዱን ብታሳልፈው አይደንቅም። አብሯት ተቀምጦ ማየት የእኛ የትልልቆቹ ድርሻ ነበር።

ደግሞ የሳራፊናን ሁለተኛ አጋማሽ ያስቀረችው እሷ ብቻ አይደለችም። ትልልቆቹም፣ ተቋማቱም አስቀርተነዋል። ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ተብሎ እንዲከበር የወሰነው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ነው፤ መከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሆን መታሰቢያነቱም ለሶዌቶ ልጆች ነው። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነበር። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. ነው። በዚያው ሰሞን ማንዴላ ተፈትቶ እዚህ መጥቶ ለመሪዎቹ ንግግር አድርጓል። በዚያው ዓመት ደግሞ የእኛ ወጣቶች ከየመንገዱ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈሱ ነበር።

የልጆች በዓል ስለሆነ በቀኑ ፊኛ ይነፋል፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት ይለበሳል፣ ሕፃናት ይዘምራሉ፣ ንግግር ይደረጋል። ልጆች ደስ ሊላቸው ይገባል፤ ደስታውን የምቃወም ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከበዓሉ ወጥታ ወደ ቤቷ የምትሄድን ልጅ ቀኑ ለምን ሰኔ 9 እንደሆነ ብትጠይቋት፣ ስለ ሄክተር ፒተርሰን የምትነግራችሁ ጥቂት ነው። ስለ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 ዓ.ም. የምትነግራችሁ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ዳንሱን ይዘን ልጆቹን ቆርጠን ጣልን።

ይህን ሁሉ የምለው ልጆቻችንን በሐዘን ለማሳደግ አይደለም። ሐዘን ብቻ የሚነገረው ልጅ ወይ ይፈራል፣ ወይ ይመርራል፤ ቂምም ይማራል። ፊልሙም ይህን አልፈለገም። ሳራፊና መጨረሻ ላይ እጇ የገባውን ጠመንጃ ወደ ውኃ ትወረውረዋለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ትርዒት ታሳያለች፤ ሳቋም ጭፈራዋም ይመለሳል። የተመለሰው ሳቅ ግን የሞቱትን የሚያውቅ፣ እናቱን ያየ ሳቅ ነው። የእኛ ልጆች የሚገባቸው ይህ ሁለተኛው ሳቅ ነው። እሱ ደግሞ መካከለኛው ክፍል ሳይታይ አይገኝም።

በ1969 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመት የነበራቸው ልጆች ዛሬ ስድሳውን ተሻግረዋል። ሹራባቸውን ገልብጠው ለብሰው፣ ከአስተማሪ ተደብቀው፣ ፊልም ያዩና የሳቁ ልጆች ነበሩ፤ በዘመናቸው ጨፍረዋል፣ ቅጽል ስም ተወጣጥተዋል፣ ለኮከብነት ተመኝተዋል። የጠፉት ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸውም እንዲሁ ነበሩ። ስለ ቀይ ሽብር ስናወራ በቁጥርና በድርጅት ስም ብቻ ስለምናወራ፣ ልጆቹ ልጆች እንደነበሩ ይጠፋናል። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ዓ.ም. ሲከፈት የብዙዎቹ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ብዙዎቹ ፈገግ ብለው የተነሱ ናቸው፤ አፍሮ ፀጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ፎቶ ቤት ውስጥ ተውበው የቆሙበት። ከነሱ ኮሜዲ የሚሠራበት ታሪክ ሞልቷል። ኃይሌ ገሪማ በ«ጤዛ» የዘመኑን ሕመም በትልቅ ሰው ዓይን አሳይቶናል። የተማሪዎቹን ሳቅ፣ ቀልድና ፍቅር አስቀድሞ፣ ከዚያ የደረሰባቸውን የሚያሳየን ፊልም ግን የእኛ ወጣት ዳይሬክተሮች ዕዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ቦታው አለ፣ መንገዱ አለ፣ ባለታሪኮቹም ገና በሕይወት አሉ።

እማማ አርፈዋል። እንደሳቸው ስንቅ ያመላለሱት ብዙዎቹ እናቶች አርፈዋል፤ ልጆቻቸውን በስም ጠርተው ሳያወሩ የሄዱ አሉ። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ቤታችን ውስጥ፣ ጎረቤታችን ናቸው፣ ቡና ያፈላሉ፣ ማኅበር ይጠጣሉ፣ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የሚጠይቃቸው ሲያገኙ ደግሞ ከሐዘኑ አይጀምሩም። የልጃቸውን ቀልድ፣ ሲራመድ የነበረውን ዓይነት፣ የሚወደውን ዘፈን ነው አስቀድመው የሚያወሩት። እንዴት እንደሚተረክ ከማንም በላይ ያውቁበታል።

ስለዚህ ሰኔ 9 ሲመጣ ለትምህርት ቤቶቻችን አንድ ልመና አለኝ። ከፊኛው ጎን አንድ ወንበር ይጨመር፤ ከሰፈሩ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ተጋብዘው በልጅነታቸው ምን ያስቃቸው እንደነበር፣ ከዚያም ምን እንደሆነ ለልጆቹ ያውሩ። «ሳራፊና»ም ትታይ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ልጆችና ትልልቆች በአንድ ላይ ተቀምጠው። እኔም የእህቴን ልጅ ከአያቷ ጋር አስቀምጬ ላሳያት ቀን ቆርጫለሁ። ተኩሱ ሲደርስ ማሳለፍ ብትፈልግ አያቷ አጠገቧ ናቸው፤ እናትና ልጅ የሚገናኙበት ላይ ስትደርስ ደግሞ የምትጠይቃቸው ነገር እንደሚኖራት፣ እሳቸውም የሚመልሱላት እንዳላቸው አውቃለሁ።